ትልቅ የቤት ዕቃ በቤተሰብ ኤስዩቪ እንዴት ይጓጓዛል?

ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ አጠገብ የቆመ ኤስዩቪ ትንሽ መስሎ ይታያል። የኋላ ወንበሮቹ ሲታጠፉ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ይይዛል፤ የተፈታ አልጋ፣ ቡፌ፣ የምግብ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ፣ አንዳንዴም ያ ሶፋ ራሱ ይገባል። ዕቃ የሚሰበረውና ወገብ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ቦታ ጠቦ ሳይሆን፣ ሳይለኩና ሳይፈቱ በጉልበት ለማስገባት ሲሞከር ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው የመኪናው ሞተር ሳይነሣ፣ ገና ቤት ውስጥ፣ በሜትርና በካቻቪቴ ነው።

1. መጀመሪያ መኪናውን ይለኩ

በመኪናው መግለጫ ላይ የዕቃ መጫኛው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር ለከረጢትና ለሻንጣ ይጠቅም ይሆናል፤ ለቁም ሣጥን ግን ፋይዳ የለውም። ቁም ሣጥን እንደ ውኃ የገባበትን ቅርጽ አይዝምና የሚያስፈልግዎ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ነው።

የኋላ ወንበሮቹን አጥፈው እነዚህን ልኮች ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ የኋላ በሩ ክፍተት ወርድ፣ በጣም በሚጠብበት ቦታ፤ የክፍተቱ ቁመት፣ ከደፉ እስከ ላይኛው ጠርዝ፤ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጉብታ መካከል ያለው ወርድ፤ የጣሪያው ከፍታ መሐል ላይ፤ በመጨረሻም ከኋላ በሩ እስከ ፊት ወንበሮች ጀርባ ያለው ርዝመት። ርዝመቱን አንድ ጊዜ በወለሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በወንበሩ ትከሻ ከፍታ ይለኩ። የፊት ወንበር ጀርባ ወደ ኋላ፣ የኋላ በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብሉ የላይኛው ርዝመት ከታችኛው ያጥራል። ረጅም ዕቃ ወለሉ ላይ ገብቶ በሩ አልዘጋ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲለኩ የሾፌሩን ወንበር ሹፌሩ በምቾት በሚነዳበት ቦታ ያስቀምጡት። ለአንድ ሶፋ ሲባል ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግቶ ደረትን በመሪው ላይ ማጣበቅ አደገኛ ነው፤ የአየር ከረጢቱ ቢፈነዳ ሹፌሩን እንዳይጎዳው በደረቱና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ሊኖር ይገባል። የተሳፋሪው ወንበር ግን ወደ ፊት ሊጠጋ ወይም ጀርባው ሊዘረጋ ይችላል፤ ረጅም ዕቃ የሚያልፈውም በዚያ በኩል ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ይሂዱ። እሱንም ሲለኩ እግሩን፣ እጀታውንና ወጣ ያለ ጌጡን ጨምረው ይለኩ። ዕቃው ከበሩ ወርድም ከቁመቱም ከበለጠ ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ ክፍተቱ በሰያፍ ሲለካ ይሰፋል። ለምሳሌ 100 ሴንቲ ሜትር ወርድና 75 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክፍተት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን 125 ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአልጋ ራስጌ ግን ውፍረቱም ቦታ ስለሚወስድ እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ያልፋል። የመኪና በር ማዕዘኖች ክብ ናቸውና ከዚያም ላይ ጥቂት ይቀንሱ።

ስሌት የማይወድ ሰው ደግሞ ይህን ያድርግ፦ የመጫኛውን ርዝመትና ወርድ ቤት ወለል ላይ በወረቀት ፕላስተር ያስምርና ዕቃውን በመስመሩ ውስጥ ያስቀምጠው። ከመስመሩ ከወጣ ከመኪናውም ይወጣል። ሦስት አራት ዕቃ በአንድ ጉዞ ለመውሰድ ሲታሰብ ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላገኘሁም፤ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚተኛ ዕቃውን ሳይሸከሙ ይታያል።

2. ክብደቱን ይወቁ

ቦታ መኖሩ ብቻ አይበቃም። በብዙ መኪናዎች የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ይታያል፤ የሚፈቀደው ጭነትና የጎማ ንፋስ መጠን እዚያ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። የሚፈቀደው ጭነት ሰውንም ይጨምራል። ጽሑፉ 450 ኪሎ ግራም ቢልና ሁለት ሰዎች በድምሩ 150 ኪሎ ቢመዝኑ ለዕቃ የሚቀረው 300 ኪሎ ነው። የእንጨት ዕቃ ይህን መሙላቱ እምብዛም ነው፤ ከባድ የጠረጴዛ እብነ በረድ ወይም በካርቶን የተሞሉ መጻሕፍት ሲታከሉበት ግን ቶሎ ይሞላል።

የጎማ ንፋስ ለሙሉ ጭነት ብዙ ጊዜ ለብቻው ይጻፋል፣ ከተለመደውም ከፍ ይላል። ከመጫንዎ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ያስሞሉት።

3. የሚፈታውን ሁሉ ይፍቱ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጊሊስ ሉንድግሬን የተባለ የስዊድኑ የኢኬያ ሠራተኛ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ ሊያስገባ ቢቸገር እግሮቹን ነቅሎ ከሥሩ እንዳስገባቸው ይነገራል። ድርጅቱ በጠፍጣፋ ካርቶን ተፈትቶ የሚሸጥ የቤት ዕቃውን ታሪክ ሲተርክ የሚያነሣው ይህንኑ አጋጣሚ ነው። የእርስዎም የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ይሁን፦ ከዚህ ዕቃ ላይ ምን ይነቀላል?

የሶፋ እግር በአብዛኛው ወደ ግራ ሲዞር በእጅ ብቻ ይወጣል። አልወጣ ካለ ሶፋውን በጀርባው ያጋድሙና ከእግሩ ሥር ብሎን መኖሩን ይመልከቱ። እግሮቹ ሲወጡ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ገባ ወይስ አልገባም የሚለውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መቀመጫ ትራሶቹን ለብቻ ያውጡ፤ በኋላ ክፍተት መሙያ ይሆናሉ። በማዕዘን ቅርጽ የሚሠሩ ሶፋዎች ከሥር በብረት ማያያዣ የተጋጠሙ ስለሆኑ አንዱን ክፍል ወደ ላይ በማንሣት ይለያያሉ።

አልጋ ቀላል ነው፤ ራስጌ፣ ግርጌ፣ ሁለት ጎን፣ ርብራብ። ሁሉም ጠፍጣፋ ሆኖ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል። ርብራቦቹን ግን በሲባጎ አንድ ላይ ይሰሯቸው፤ ካልታሰሩ እንደ ፍልጥ ይበተናሉ።

ትዕግሥት የሚፈልገው ቁም ሣጥን ነው። በቺፕውድ ወይም በኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ በሚሠራ ጣውላ) የተሠራ ከሆነ በመጀመሪያ በሮቹን፣ ቀጥሎ መደርደሪያዎቹንና መሳቢያዎቹን ያውጡ። ከዚያ ጀርባውን ይዩ። በሚስማር የተመታችው ያቺ ስስ ጣውላ ከንቱ መሸፈኛ ትመስላለች፤ ነገር ግን ሣጥኑን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። እሷን ነቅለው የቀረውን ቆሞ እንዳለ ለመሸከም ቢሞክሩ ሣጥኑ ወደ ጎን ይንሸዋረርና መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወይ ጀርባውን ሳይነኩ ሙሉውን ይውሰዱ፣ ወይ መሬት ላይ አጋድመው እስከ መጨረሻው ይፍቱት። መሐል መንገድ ላይ መቆም የለም።

እንዲህ ያሉ ዕቃዎች የሚያያዙት በጣውላው ውስጥ በተቀበረ ክብ መቆለፊያ ነው። በካቻቪቴ ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል ሲዞር ይለቃል፤ ከዚያ በላይ በኃይል ማዞር ቀዳዳውን ያሰፋል። ቺፕውድ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ በመሆኑ አንዴ የሰፋ ቀዳዳ ዳግመኛ ብሎን አይጨብጥም። በሙጫ የተጣበቀውን ደግሞ ጨርሶ አይንኩት፤ በመዶሻ እያንኳኩ ለማላቀቅ መሞከር ዕቃውን ማገዶ ማድረግ ነው።

ሁለት ልማዶችን አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው፣ ከመፍታትዎ በፊትና እየፈቱ ሳሉ በስልክዎ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ ከሁለት ቀን በኋላ የትኛው ጣውላ በስተግራ እንደነበረ ማንም አያስታውስም። ሁለተኛው፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎን በየራሱ ፌስታል ቋጥሮ የዕቃውን ስም ጽፎ ዕቃው ላይ መለጠፍ። የሚለጥፉት ግን በማይታየው ባልተቀባው ገጽ ይሁን፤ ፕላስተር ከተቀባ እንጨት ላይ ሲነሣ ቀለሙንም ይዞ ይነሣል።

የመሳቢያ ሣጥን ሲሆን መሳቢያዎቹን አውጥተው ባዶውን ሣጥን በጀርባው አስተኝተው ይጫኑ፣ መሳቢያዎቹን ከዚያ በኋላ ይመልሱ። ክብደቱ ተከፍሎ ይነሣል፣ መሳቢያም በመንገድ ላይ ተንሸራትቶ አይወጣም።

ፍራሽን በተመለከተ፣ የስፖንጅ ፍራሽ ተጠቅልሎ በገመድ ሊታሰር ይችላል። የስፕሪንግ ፍራሽ ግን እንደ መጽሐፍ አይታጠፍም። ዙሪያውን የከበበው ሽቦ አንዴ ከተቆለመመ አይመለስም፤ ያ ፍራሽም ከዚያ ወዲያ ጠፍጣፋ አይሆንም። በጎኑ ቆሞ በመኪናው ግድግዳ ላይ በመጠኑ ቢያጎነብስ ግን ችግር የለውም።

4. መጠቅለያና ማንጠፊያ

አሮጌ ብርድ ልብሶች፣ የተዘረጋ ካርቶንና ፕላስተር ይበቃሉ። ካርቶኑን ወለሉ ላይና የኋላ ፓራውልቱ ላይ ያንጥፉ፤ ፓራውልቱ በመጀመሪያ የሚፋቀው ቦታ ነው። ካርቶን ላይ ዕቃ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ለማስገባት ይረዳል። ብርድ ልብሱን በዕቃው ማዕዘኖች ላይ ያጥፉት፤ ጠፍጣፋው ገጽ እምብዛም አይጎዳም፣ የሚጎዳው ማዕዘኑ ነው።

5. አጫጫን

ከባዱ ዕቃ ከታችና ከፊት፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ተጠግቶ ይግባ። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ቢከማች የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፣ የፊት ጎማዎቹ መሬት አጥብቀው ስለማይዙም መሪው ይቀልላል። በማታ ደግሞ የፊት መብራቱ የሌላውን ሹፌር ዓይን ይወጋል፤ ብዙ መኪኖች የመብራቱን ከፍታ ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ስላላቸው ከጫኑ በኋላ ያስተካክሉት።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከኋላ የሚገፋ፣ ሌላው በጎን በር ገብቶ የሚቀበል። ሲያነሡ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ጀርባዎን ቀጥ አድርገው፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ይነሡ። ዕቃ እንደያዙ ወገብን ማዞር ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ መዞር ካለብዎ በእግርዎ ይዙሩ። ማን "አንሣ" እንደሚል፣ ማን "ቁም" እንደሚል አስቀድመው ይስማሙ።

ሶፋ ጀርባው ወደ ታች ሆኖ፣ አንዱ ክንዱ ቀድሞ ይገባል። ገብቶ ትንሽ ከተረፈ በጎኑ ያዘንብሉት፤ አለዚያም የተሳፋሪውን ወንበር ጀርባ ይዘርጉና በላዩ ይለፍ። ብቻ የማርሹ ዘንግና የእጅ ፍሬኑ ነጻ ይሁኑ፣ የቀኝና የግራ ስፖኪዮም በግልጽ ይታዩ።

መስታወትና የመስታወት ጠረጴዛ አይተኛም። ተኝቶ የተጫነ መስታወት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይለመጣል፣ ላዩ ላይ ሌላ ዕቃ ካለ ደግሞ ይሰበራል። በጠርዙ ቆሞ፣ ከሥሩ ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጥፎለት፣ ለምሳሌ በፍራሹና በመኪናው ጎን መካከል ተጣብቆ ይሂድ። የጠነከረ መስታወትም ቢሆን ደካማ ቦታው ጠርዙ ስለሆነ ከብረት ጋር አይነካካ።

ከዕቃዎቹ ጋር ማቀዝቀዣ ካለ ቢቻል ቆሞ ይሂድ። የግድ ከተኛ፣ ቤት ሲደርስ ወዲያው ሶኬት ላይ አይሰኩት፤ የመጭመቂያው ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ቆሞ ይቆይ። 24 ሰዓት መጠበቅ አስተማማኝ ነው።

6. ማሰር

አንድ ጊዜ የመጻሕፍት መደርደሪያ ከቅርብ ሰፈር ሳመጣ፣ ቦታው ቅርብ ነው በሚል ሳላስር ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ልጅ ከመኪና መሐል ሮጦ መንገድ ገባ። ፍሬን ያዝኩ፣ ልጁም ተረፈ፤ መደርደሪያው ግን ተንሸራትቶ የተሳፋሪውን ወንበር ጀርባ በማዕዘኑ ቀደደው። ወንበሩ ባዶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ሊቀመጥ አስቦ በመጨረሻው ደቂቃ ነበር የቀረው። ያን ቀዳዳ ሳላስጠግን ለረጅም ጊዜ ተውኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያልታሰረ ዕቃ ይዤ ከግቢ አልወጣሁም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን በኃይል ሲያዝ 40 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በ30 ኪሎ ገደማ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም ደግሞ ያ ዕቃ በክብደቱ 20 እጥፍ ገደማ፣ ማለትም በ800 ኪሎ ኃይል ወደ ሹፌሩ ይወረወራል። ይህን በእጅ የሚይዝ ሰው የለም። "እኔ ከኋላ ሆኜ እይዘዋለሁ" የሚል ደግ ሰው ቢመጣ እንኳ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ሰው አይሳፈርም።

በዕቃ መጫኛው ወለልና ጎን ላይ የብረት ቀለበቶች አሉ፤ የተሠሩት ለዚህ ነው። መወጠሪያ ያለው ቀበቶ ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው፣ በዕቃው ላይ በመስቀል አሳልፈው ያጥብቁ። አንዱ ቀበቶ ወደ ታች ይጫነው፣ ሌላው ወደ ፊት እንዳይሄድ ከፊት በኩል ይያዘው። ወደ ታች ብቻ የተጫነ ዕቃ ካርቶን ላይ ከሆነ ይንሸራተታል። መወጠሪያው ኃይለኛ ስለሆነ ለስላሳ እንጨትን ይጨፈልቃል፤ ቀበቶው በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የታጠፈ ካርቶን ያድርጉ። ባለ መንጠቆ የላስቲክ ገመድ ለከባድ ዕቃ አይሆንም፤ የሚለጠጥ ነገር ዕቃውን አያቆመውም፣ እየተለጠጠ ወደ ፊት ይለቀዋል እንጂ።

ዕቃው አጭር ከሆነና የኋላ ወንበሮቹን ሳያጥፉ ከገባ፣ ወንበሮቹን አያጥፏቸው። በዕቃውና በሰዎቹ መካከል የቆመ ጠንካራ ግድግዳ ናቸው። አስረው ሲጨርሱ ዕቃውን በሁለት እጅ ይዘው በኃይል ይነቅንቁት። መኪናው አብሮት ከተወዛወዘ ታስሯል፤ ዕቃው ብቻ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም።

7. የኋላ በሩ አልዘጋ ሲል

ብዙዎች በሩን በገመድ አስረው ከፍተው ይነዳሉ። ይህን እንዳያደርጉ አጥብቄ እለምናለሁ። መኪና ሲሄድ ከጀርባው የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስም በዚያ ይሳብና በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ድንዛዜ ሲጀምር ሹፌሩ ድካም ይመስለዋል። አንድ ዕቃ ቀንሶ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻላል።

ፈጽሞ አማራጭ ከሌለና ርቀቱ አጭር ከሆነ የፊት መስኮቶቹን ይክፈቱ፣ የአየር ማራገቢያውን ከውጭ አየር እንዲያስገባ አድርገው እስከ መጨረሻው ያብሩት፣ ሕፃን አያሳፍሩ። ዕቃው ለብቻው ይታሰር፣ በሩም ለብቻው፤ በሩ የዕቃው ማሰሪያ አይደለም። ወጣ ባለው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ በማታ ቀይ መብራት ያድርጉ። የሚፈቀደው የመውጣት ርቀት ከአገር አገር ስለሚለያይ የሚነዱበትን አገር ደንብ አስቀድመው ይወቁ። ሰሌዳውና የኋላ መብራቶቹም አይሸፈኑ።

8. ጣሪያ ላይ መጫን

የጣሪያ የመጫን አቅም ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ፣ የፖርቶመጋላውም ክብደት ከዚያው ይቀነሳል። ከላይ የሚጫነው ክብደት መኪናውን በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ቅርብ ያደርገዋልና ከባዱን ወደ ውስጥ፣ ቀላሉን ወደ ላይ።

ቀላሉ ግን ሌላ ጠላት አለው፤ ነፋስ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የነፋስ ኃይል በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። 150 በ200 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ ፊቱ ቀና ብሎ ነፋስ ከሥሩ ቢገባ ከ90 ኪሎ ኃይል ጋር ይታገላሉ ማለት ነው። ስለዚህ ፍራሽ በወርዱ በሁለት ቦታ ከታሰረ በኋላ ከፊት ጫፉም ወደ መኪናው አፍንጫ፣ ከኋላ ጫፉም ወደ ኋላ መታሰር አለበት። ከሥሩ ጠንካራ ጣውላ ወይም የአልጋውን ርብራብ ቢያነጥፉለት አይለመጥም። ፍጥነትዎም ዝቅ ይበል፤ በፈጣን መንገድ ላይ ፍራሽ ጣሪያ ላይ ጭኖ መሄድ አልመክርም።

ፖርቶመጋላ ከሌለ ቀበቶውን በተከፈቱ በሮች ውስጥ አሳልፈው በሩን ይዝጉበት። በመስኮት ካሳለፉት በሮቹ ታስረው ይቀራሉ። ቀበቶው በነፋስ እንዳይጮኽ አንድ ጊዜ ጠምዝዘው ይወጥሩት።

9. መንገድ ላይ

ከተነሡ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዳር ይዘው ይቁሙና ማሰሪያውን እንደገና ያጥብቁ። ዕቃው ቦታውን ይዞ ሲደላደል ቀበቶው መላላቱ አይቀርም። ከፊት ካለው መኪና ያለዎትን ርቀት በእጥፍ ያሳድጉ፣ ኩርባና ጉብታ ላይ ቀድመው ፍጥነት ይቀንሱ። ጣሪያ ላይ ከጫኑ አጠቃላይ ከፍታውን ለክተው በወረቀት ጽፈው ዳሽቦርዱ ላይ ይለጥፉት፤ ዝቅተኛ በርና የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ሲመጣ ያስፈልግዎታል። ወደ ኋላ ሲመለሱ ሰው ወርዶ ይምራዎት።

10. ማውረድና መግጠም

የኋላ በሩን ሲከፍቱ ከፊቱ ገለል ብለው፣ ቀስ አድርገው ይክፈቱ፤ በመንገድ ላይ የተንሸራተተ ነገር ተደግፎበት ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ከማውረድዎ በፊት የሚገባበትን በርና ኮሪደር ይለኩ።

ሲገጥሙ ፎቶግራፎቹን ይክፈቱ። ብሎኖቹን በመጀመሪያ በጣት ብቻ፣ ላላ አድርገው ሁሉንም ያስገቡ። የመጀመሪያውን ካጠበቁት አራተኛው ቀዳዳውን ያጣል። ዕቃው ቀጥ ብሎ መቆሙን ካረጋገጡ በኋላ ተራ በተራ ያጥብቁ። አልጋ ከሆነ ከተኙበት ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግመው ያጥብቁት፤ ጣውላው ቦታውን ሲይዝ ብሎኑ ይላላል፣ ማታ ማታ የሚሰማው መንቋቋትም ከዚያ ይመጣል።